ስለ ጆኒ የተላከው መልእክት

ልዕልት፣

ስልክሽ ዝግ ነው፤ ኢምባካሲ ያለው የሥራ ፈረቃዬ ስለደረሰ ሳላገኝሽ ወጣሁ። የመብራት ቶከን ገዝቼ ቆጣሪው ላይ ሞልቻለሁ። ምስር ወጡ ፍሪጅ ውስጥ ነው።

የቤተሰብሽን የዘር ሐረግ ወደ አዲሱ የኮምፒውተር ፕሮግራም አዛውሬ ጨረስኩ። አሮጌው ይሻል ነበር፤ ማን አለ ማን ሞተ ብሎ አያስጨንቅም። አዲሱ ግን የወንድምሽ የጆኒ ስም ላይ ቆመና "በሕይወት አለ" ወይም "ሞቷል" ካላልሽ አላልፍም አለኝ። ሊቢያ ከገባ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል፤ አንቺን እንዳልጠይቅ ስሙ ሲነሳ በርሽን ትዘጊያለሽ።

"ሞቷል" የሚለውን ነካሁ።

ለዘመዶቻችሁ ሁሉ መልእክት እንደሚልክ አላወቅኩም ነበር። አክስትሽ ደውለው "መርዶ እንዲህ ይነገራል?" አሉኝ። እናትሽ ቤት ድንኳን ተጥሏል።

ወዲያው "በሕይወት አለ" ወደሚለው መለስኩት።
ይሄንን ግን ፕሮግራሙ ለማንም አልላከም።

ፍቅርተ