የሦስተኛው ቢየላ ክዳን

ሰኞ፣ ኅዳር 9፤ ከት/ቤት መልስ

ዛሬም ከረጢት ፍተሻ። ደብተሬ፣ ገጽህን በግሪስ ስላበላሸሁት አትቀየመኝ።

አንደኛው ከረጢት፦ ሲሊንደሮች፣ ፒስተኖች፣ ካርቡራተር። የኛ። ሁለተኛው፦ የባጃጅ ጥርስ፣ የበር ማጠፊያ፣ የባለሱቋ የእትዬ ጥሩወርቅ ሥጋ መፍጫ እጀታ፣ የሕፃን ጭንቅላት የሚያህል የወፍጮ ፒስተን። የኛ ያልሆነ። ሳቄ መጣ።

ታላቅ ወንድሜ ይበልጣል (ይ.) የቮልስ መኪናውን ሞተር በትኖ እያንዳንዱን ብረት በተራው መጋዘኑ ወለል ላይ ደርድሮት ነበር። አሟሟቱ ድንገት ሆነ። በልቅሶው ቀን ለእንግዳ ቦታ ጠበበ። የእድራችን ሴቶች መጋዘኑን ለቀቅ ሊያደርጉ ገቡ፤ ዘይት የነካውን ሁሉ የሱ ነው ብለው ከረጢት ውስጥ ከተቱት። አጥር ሥር ያገኙትን ጭምር። አንድም ነገር እንዳይጠፋበት ብለው። ይህን ያደረገን ሰው እንዴት ይቆጡታል?

አባቴ ግን መኪናውን ማየት አልቻለም። በግቢው ሲያልፍ ፊቱን ወደ አጥሩ ያዞራል። ለአንድ የደጀን ሰው ሊሰጠው ነው፤ ሰውዬው የሚፈልገው ቆርቆሮውን ብቻ ነው። ለመንኩት። ሞተሩ ከተገጠመ መኪናው እዚሁ ይቀራል፣ ካልተገጠመ ይሄዳል አለ። ሰውዬው የሚመጣው በጽዮን ማግስት፣ እሑድ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ፒስተኑን ከሚሽከረከረው ዘንግ፣ ከክራንኩ ጋር የሚያያይዙት ክንዶች፣ ቢየላዎቹ፣ አራት ናቸው። እያንዳንዱ ሁለት ቁራጭ ነው፦ ክንዱና ክራንኩን አቅፎ የሚዘጋው ግማሽ ቀለበት፣ ክዳኑ። አራት ክንድ አገኘሁ። አራት ክዳን አገኘሁ። ደስ አለኝ። አሰርኳቸው። ሦስቱ ልስልስ ብለው ይዞራሉ። ሦስተኛው ገትሮ ቆመ። ዘይት አጠጣሁት። ገትሮ ቆመ።

ይ. የተሳሳተ መሰለኝ። ተናደድኩበት። ሞቶ እንኳ ተናደድኩበት።

ተሸክሜው ጋሽ ምናሉ ጋራዥ ሄድኩ። ይ. ይሠራ የነበረው እሳቸው ዘንድ ነው። ምን ይታይሃል አሉኝ። ልክ ነው፣ ቡሎኑም ገብቷል አልኳቸው።

«ቡሎን መግባቱን ማን ጠየቀህ? ቡሎንማ እኔ አፍንጫ ውስጥም ይገባል!»

ሠራተኞቹ ሳቁ። እኔ ቀላሁ። ከዚያ ክንዱን በጨርቅ ጠርገው ጎኑን አሳዩኝ። የተመታ ቁጥር አለበት። ክዳኑም ላይ አለ። አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ ምክንያቱም ክንዱና ክዳኑ ተጋጥመው ነው አንድ ላይ የሚቦረቦሩት። ሌላ ክዳን ይታሰራል እንጂ ክቡ አይሞላም። የሦስተኛዬ ክንድ ሌላ ቁጥር፣ ክዳኑ ሌላ ቁጥር። ባዕድ ክዳን።

ይበልጣል ይህን አይስትም አሉ። የራሱ ክዳን አንድ ቦታ አለ፤ ፈልግ።

አይስትም አሉ። እግዜር ይስጣቸው። እየተመለስኩ መንገዱ አጠረኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12፤ ሚካኤል

ከተማው በሙሉ ጢስ። ሁሉም ግቢውን ጠርጎ ቆሻሻውን ያቃጥላል። እናቴ ለሰፈሩ ሁሉ አስነግራለች፦ ብረት ካገኛችሁ እሳት ውስጥ ከመጣላችሁ በፊት ለልጄ ለአንተነህ አሳዩት። ስንቱ መጣ! የተሰበረ ማጭድ፣ የፈረስ ልጓም፣ የቁልፍ እናት። ሁሉንም ተቀብዬ አመሰገንኩ።

የክፍል ጓደኛዬ ደሳለኝ ሊያግዘን መጣ። ከልቅሶው ድንኳን የቀረ አንድ ካስማ አጥሩ ጥግ ተተክሎ ነበር። ሲነቅለው አብሮት የሆነ ነገር ወጣ። ደሳለኝ ካስማውን ለቀቀው። ወሬኛነቱን ትቶ ወደ ኋላ ሸሸ።

ክዳኑ ነው። ጠርጌ ቁጥሩን አየሁ። የሦስተኛው።

ድንኳኑን የተከሉት የሰፈሩ ልጆች ናቸው፤ ደሳለኝም አንዱ። የዚያን ቀን አፈሩ ልል ነበር፤ ካስማው አልይዝ ብሎ ተወዛወዘበት። ደሳለኝ እጁ የገባችውን ብረት ከጎኑ ወሸቀና በድንጋይ ቀጠቀጣት። አሁን ጠርዟ ተጨፍልቋል፣ ሆዷ ተጣሟል። መሬት መሬት እያየ ምታኝ አለኝ።

ሳቅኩ። በጣም ሳቅኩ። ከዚያ ሳቁ ሌላ ነገር ሆነ፣ እሱን አልጽፈውም። በዚያ ሁሉ ንፋስ ድንኳኑ አልወደቀም፤ ለቀስተኛው ሁሉ የተቀመጠው በይ. ብረት ተደግፎ ነው። እግዜር ይስጥህ አልኩት። ያበድኩ መስሎት ለእናቴ ሊነግር ሮጠ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

ጋሽ ምናሉ ክዳኑን ለኩት። አለቀለት አሉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ከጠረጴዛው ሥር አንድ ጣሳ አወጡ። አራት ቢየላ፣ ከነክዳናቸው፣ በዘይት ተነክረው። አምበር ከተማ ዝጎ ከቀረ ቮልስ የወሰዷቸው ናቸው። ላንተ ናቸው አሉ።

አንዱ ይበቃኛል አልኩ። ሦስቱ የይ. ናቸው።

አይሆንም አሉ። አራቱንም ወይ ምንም። ተከራከርኩ። እሳቸው አልተከራከሩኝም፤ ሂድና መዝናቸው አሉኝ።

እትዬ ጥሩወርቅ ሱቅ ሄድኩ። የበርበሬ ሚዛን። «አንተ ልጅ፣ ለጾም መያዣ ብረት ልትቀቅሉ ነው?» ነገርኳቸው። በርበሬውን ገልብጠው ሚዛኑን በወረቀት ጠረጉልኝ። የይ. አንዱ በዚህ፣ አንዱ በዚያ፦ እኩል። ሦስቱንም እያቀያየርኩ፦ እኩል። በአንደኛው በኩል የአምበሩን አስቀመጥኩ። ዘጭ አለ።

«ይኼኛውስ በልቶ ያደረ ነው» አሉ።

የአምበሮቹን እርስ በርሳቸው መዘንኩ። እኩል። ገባኝ። አንዱ ከብዶ ሦስቱ ቀለው ሲሽከረከሩ ሞተሩ ራሱን አናግቶ ይበትናል። እንግዲህ ምርጫው ይህ ነው፦ አራቱም የሱ ወይ አንዱም የሱ ያልሆነ። የሱ ደግሞ አንዱ ሞቷል።

የመፍጫቸውን እጀታ መለስኩላቸው። ለካ ከልቅሶው ጀምሮ ሲፈልጉት ነበር። አልጠየቁንም።

ሰኞ፣ ኅዳር 16

መጋዘኑን አልከፈትኩም። የፊዚክስ ፈተና ነበር። ስለ ክብደትና ስለ መሽከርከር ጥያቄ መጣ፤ ሠራሁት፤ አስጠላኝ።

እነዚያን ሦስት ቢየላዎች አጥቦ ያደረቃቸው እሱ ነው። በገዛ እጄ ላውጣቸው? ታዲያ ሞተሩ ቢነሳ የማን ነው የሚነሳው?

እራት ላይ አልበላም አልኩ። እናቴ ምን ሆንክ አለች። ነገርኳት። ሽሮውን እያማሰለች ሰማችኝ። ይበልጣል ያንን መኪና የገዛው ሊያስቀምጠው ነው ሊነዳው? አለች። ዲማ አደርስሻለሁ ብሎኝ ነበር፣ ገዳሙን አሳልምሻለሁ ብሎኝ ነበር። «በሦስቱ ብረት ያደርሰኛል?»

ሰሃኑን ሳብኩ። በላሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 18፤ ከሰዓት በኋላ

ወሰንኩ። የይ.ን ሦስቱንም አወጣለሁ፣ የአምበሮቹን አራቱንም አስገባለሁ። ፒስተኖቹ የሱ ናቸው፣ ይቆያሉ።

አወጣኋቸው። ጠረግኋቸው። ጨርቅ ላይ አደረግኋቸው። ጋሽ ምናሉን፣ እትዬ ጥሩወርቅን፣ ደሳለኝን፣ የእድር ሴቶችን በልቤ አንድ በአንድ እየጠራሁ የአምበሮቹን ክዳን ከክንዳቸው ጋር ማዛመድ ጀመርኩ። ቁጥሮቹ ደብዝዘዋል። አንዱ ስድስት ይሁን ስምንት አልለይ አለኝ።

በሩ ጨለመ። አባቴ። ይ. ከሞተ ወዲህ መጋዘኑን ረግጦት አያውቅም። የወጣው የቱ ነው አለ። አሳየሁት። ሦስቱን አንስቶ በመዳፉ መዘናቸው፣ መልሶ አስቀመጣቸው። የሚገባውስ? ሰጠሁት። መነጽሩን አወጣ። ወደ ብርሃኑ ዞረ።

«ስምንት ነው። ክዳኑንም አምጣ… ይኸው፣ ስምንት።»

ሣጥን ስቦ ተቀመጠ። እሱ እያነበበ፣ እኔ እያሰርኩ። ሁለቱ ዞሩ። ልስልስ ብለው! ይህን ልጽፍ ነው እጄን ጠርጌ የተቀመጥኩት፤ እሱ ሦስተኛውን እያጸዳ ነው።

የደጀኑስ ሰውዬ አልኩት፣ እሑድ ባይደርስልንስ? ጠዋት ደውዬለታለሁ አለ። ምን አልከው? ከብረቱ ቀና ሳይል፦

«ሞተሩ እየተገጠመ ነው አልኩት።»

አሁን ደግሞ ጽሕፈቱን ተውና የቡሎን ቁልፉን ያዝ እያለኝ ነው።