ከፍዬ የተረሳሁበት ሰዓት

ለተከበሩ የታክሲ ባለንብረቶች ማኅበር ሊቀ መንበር፣

እንደምን ሰንብተዋል? እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በየመኪናው ያስለጠፉት አዲሱ ማስታወቂያም ደህና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በሆስፒታል የልብስ እጥበት ክፍል አንሶላ የምተኩስ፣ ብቻዬን የምኖር ተሳፋሪ ነኝ። «ሂሳብ ሳይከፈል መኪናው አይንቀሳቀስም» ለሚለው ደንብዎ ምስጋናዬን በሦስት ነጥብ እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፦ ሳይከፍሉ ዘለው የሚወርዱ ሰዎች ሾፌሮቻችሁን እንዳስመረሩ አውቃለሁና ባለፈው ማክሰኞ ገና ከመቀመጤ ከፈልኩ። ከንጋት እስከ ቀትር ቆሜ ስለሠራሁ የኋላው ወንበር ጥግ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። ድሮ ቢሆን ሾፌሩ «እትዬ፣ ሂሳብ!» ብሎ ይቀሰቅሰኝ ነበር። አሁን ከእኔ የሚፈልገው ነገር ስላልነበረው መጨረሻው ፌርማታ ላይ በሩን ቆልፎ ምሳውን ሊበላ ሄደ።

ሁለተኛ፦ ስነቃ በሩ ከውስጥ አልከፈት አለኝ። መጮህ አይሆንልኝም። ስልኬን አውጥቼ ስሞቹን ከላይ እስከ ታች ባያቸው «የት ቀረች?» ብሎ የሚጨነቅ አንድም ሰው አላገኘሁም። ስለዚህ መስኮቱ ላይ ወደ ተለጠፈው የማኅበራችሁ ቁጥር ደወልኩ። ያነሳችው ልጅ እጅግ ትሁት ነበረች። «ሂሳብ ከፍለዋል?» አለችኝ። ከፍያለሁ አልኳት። «እንግዲያው በእኛ በኩል ያለቀ ጉዳይ ነው፣ እናቴ» ብላ መልካም ቀን ተመኘችልኝ። እግዜር ይስጥልኝ፤ ያን ቀን መልካም ነገር የተመኘልኝ ሌላ ሰው የለም።

ሦስተኛ፦ ሾፌሩ ከሰዓት በኋላ ጥርሱን እየጎረጎረ ተመልሶ ሲያየኝ ክው አለ። «ውይ እትዬ! ምነው መስኮቱን እንኳ ቢደበድቡ? ቤት የሚጠብቅዎት ሰው አይጨነቅም?» አለኝ። «ኧረ ደውዬ ነግሬያቸዋለሁ» ብዬ ዋሸሁት። እባክዎ እሱን እንዳትቀጡብኝ፤ የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው።

ስለዚህ ጌታዬ፣ ክፍያው ወደ መውረጃው እንዲመለስልኝ በትሕትና እለምናለሁ። በቀን አንዴ፣ መንገዱ ሲያልቅ፣ መውረድ አለመውረዴን ማወቅ ግድ የሚሆንበት አንድ ሰው እንዲኖረኝ ብዬ ነው።

የማኅበርዎን ዕድገትና የመኪኖቻችሁን ጤንነት ዘወትር የምትመኝ፣
ምንም ሂሳብ የሌለባት ተሳፋሪያችሁ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይቅርታ ለመጠየቅ ያሰባችሁ እንደሆነ በደብዳቤ አይሁን፤ ሰው ላኩ። እሑድ ቀኑን ሙሉ ቤት ነኝ፤ ወንበርም ሁለት አለኝ። የምትልኩት ሰው ግን ሲዘገይ «የት ቀረ?» ብሎ የሚፈልገው ሰው ያለው ይሁን፤ ቶሎ ላልለቀው እችላለሁና።