የእንግዶች መዝገብ

ውድ እታለም፣

እንደምን ከርመሻል? ናፍቆትሽ ካልሆነ በቀር እኔና እማዬ ደህና ነን።

ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቻለሁ! በወሩ መጨረሻ እሄዳለሁ። እማዬ ብቻዋን እንዳትሆን፣ ያንቺን ክፍል ለአጭር ጊዜ እንግዶች የምናከራይበትን ፈቃድ እያሳደስኩ ነው።

ትናንት ተቆጣጣሪ ተብዬው መጣ። እኔ ደንቡን ከዳር እስከ ዳር በቃሌ ይዤዋለሁ፤ እሱ ሽፋኑንም ያየው አይመስለኝም። የእሳት ማጥፊያውን እንደ ሐብሐብ መታ መታ አደረገና «ይሄ ጥሩ ነው» አለ። መስኮቱን የለካው በእስክሪብቶው ነው። እንዲህ ያለውን ማን ወንበር ላይ እንዳስቀመጠው እንጃ።

ከዚያ እማዬ የእንግዶችን ስምና መታወቂያ ቁጥር የምትጽፍበትን መዝገብ ገለጠ።

«ይሄ ልጅ በዚህ ሳምንት ሦስቴ ገብቷል፤ መውጣቱ አልተጻፈም» አለኝ።

በእማዬ ቆንጆ ጽሕፈት የሰፈረው የእኔ ስም ነው።

«የእናቴ ቀልድ ነው» አልኩት። ደነዝ፣ ፈገግ እንኳ አላለም።

ዛሬ ጠዋት ዳቦ ገዝቼ ስመለስ እማዬ በሩን ገርበብ አድርጋ ቆመች። «አይቀየሙኝ ጌታው፣ ያለ መታወቂያ እንግዳ አላስገባም፤ ሕግ ነው» አለችኝ። አውጥቼ ሰጠኋት።

የሚቀጥረኝን መሥሪያ ቤት አንድ ወር ታገሡኝ ብያለሁ።

በይ ሰላም ሁኚልኝ፤ ለልጆችሽም ሰላምታዬን አቅርቢ። ቶሎ ብቅ በይ፤ ስትመጪ መታወቂያሽን እንዳትረሺ።

ታናሽ ወንድምሽ