አንተን የሚጠብቅ ልቅሶ

ለምወድህና ለማከብርህ ታላቅ ወንድሜ፣ ለጋሼ ተክለጊዮርጊስ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነብተሃል? የአሰብ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ወደቡ ላይ ሥራው በረታ ወይስ ቀለል አለ? ያ ጆንያ ስታነሳ የያዘህ የጀርባ ሕመምስ ተወህ? የምትበላውን በወጉ ትበላለህ? እኛ ደህና ነን ብዬ ልቀጥል ነበር፤ እጄ ለምዶት ነው፤ ተውኩት።

ይህ ደብዳቤ እጅህ ከገባ ነገሩን ሰምተሃል ማለት ነው። ደብዳቤውን የያዘው የአልዩ አምባው ሹፌር ዘይኑልአቢዲን ነው። እንደ ደረሰ ኪሱ ውስጥ እንዲያቆየው፣ አስቀድሞ እዚያ ያሉትን ያገራችንን ሰዎች እንዲሰበስብ፣ ጎህ ሲቀድ ከቤት ሳትወጣ መጥተው እንዲነግሩህ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ እንዲሰጥህ አደራ ብዬዋለሁ። መርዶ በወረቀት አይነገርም፤ ብቻውን ላለ ሰውም አይነገርም። ስለዚህ ይህን ስታነብ አጠገብህ ሰው እንዳለ አውቄ ነው የምጽፈው። ትንሹ ወንድማችን ዘርአ ዳዊት ሞቷል። ሰሜን ላይ ቀርቷል። ይኸው ጻፍኩት፤ ስጽፈውም ምንም አልተሰማኝም። እስክሪብቶው ቀለም እንዳያንጠባጥብ ብቻ ነው የተጠነቀቅኩት።

የነገረኝ ፈረጅ የሚባል ከአንኮበር በታች የመጣ ልጅ ነው። ከዘርአ ዳዊት ጋር በአንድ ሻምበል ነበሩ። እሱ እግሩን ተመትቶ ሆስፒታል ከርሞ ወደ አገሩ ሲመለስ በደብረ ብርሃን አለፈ። ቤት ግን አልመጣም፤ ጠይቆ ጠይቆ የማስተምርበት ትምህርት ቤት በር ድረስ መጣ። ጠመኔዬን እንደያዝኩ ወጣሁ። በገዛ እጁ እንደቀበረው ነገረኝ፤ አላህ ያጽናሽ እህቴ አለኝ፤ ታላቅ ልጇ በሌለበት እናቱ ፊት ቆሜ ይህን ልናገር አልችልም አለኝ። ከዚያ ክራንቹን እየተደገፈ ሄደ። እኔም ወደ ክፍል ተመለስኩ።

ያን ዕለት የማስተምረው ያንኑ የሦስታችንን ነገር ነበር። መርከበኞቹ የሚጥሏቸውን የእንግሊዝኛ ጋዜጦችና የዕቃ መጠቅለያዎች ሰብስበህ ስትልክልን ምን እንደምናደርግባቸው ታውቃለህ። የሰዋስው መጽሐፉ ስም ከኋላው መስተዋድድ ያስከትላል ይልና ያልፋል፤ የትኛው ስም የትኛውን እንደሚያስከትል አይናገርም። ዘርአ ዳዊት ታዲያ የቋንቋው ባለቤቶች ራሳቸው ሲጽፉት እንየው ብሎ ከቃላቱ ሥር ማስመር ጀመረ። ምክንያት ማለት የሆነው «ሪዝን» የሚለው ቃል «ፎር»ን ይዞ ይመጣል፤ «ኮዝ» ደግሞ በትርጉም ከእሱ ብዙም ሳይርቅ «ኦፍ»ን ይላል። ጥቃት ማለትም «አታክ» ሲሆን «ኦን»። ለምን ቢሉት መልስ የለውም፤ አብረው ሲሄዱ መታየታቸው ነው መልሱ። እኛ የመዘግየት ምክንያት፣ የሰላም ተስፋ፣ የወንድም ናፍቆት እያልን ሁሉንም በአንዲት «የ» እንጨርሰዋለን። የእኛ «የ» ሆደ ሰፊ ናት፣ የጫኑባትን ሁሉ ትችላለች እያለ ይስቅ ነበር። አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ውጤት ሲጠብቅ ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደም በኋላ አልተወውም፤ ከታሸገ ምግብ ቆርቆሮ ላይ ያገኘውን አንድ ሁለት ሐረግ በየደብዳቤው ግርጌ ይጽፍልኝ ነበር።

እና ሰሌዳው ላይ ጽፌ የወጣሁት «ኒውስ» የሚለውን ቃል ነበር። «ኒውስ ፍሮም» ሲሆን ወሬው ከራሱ ከሰውየው ነው የሚመጣው፤ «ኒውስ ኦፍ» ሲሆን ስለ እሱ ሌላው የሚያመጣው ነው። ተመልሼ ይህንኑ አስረዳሁ። ልጆቹ ዓረፍተ ነገር ሠሩ፣ አረምኩላቸው፣ ደወል ተደወለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንዲሁ ነኝ። እበላለሁ፣ አስተምራለሁ፣ እተኛለሁ። ዱሮ የሞተበት ሰው ሳያለቅስ ሳይ ልበ ደረቅ ነው ብዬ እታዘብ ነበር። አሁን አልታዘብም።

ቤት ስገባ ደግሞ እማዬ አለች። ፊቴን እንዳታየው ያንን የወረቀት ክምር ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ አቀረቅራለሁ። ዛሬም ሥራ አለብሽ ትለኛለች፤ ፈተና ቀርቧል እላታለሁ። እሷ ለዘርአ ዳዊት ባና የሚሆን የበግ ጠጉር ትፈትላለች፤ ከቆላው ሲመለስ የደብረ ብርሃን ብርድ እንዳይጥለው። እሷ እንዝርቷን ታሾራለች፣ እኔ «ኦፍ» ባየሁ ቁጥር አሰምራለሁ። ማስመሩ ደግሞ ይመቸኛል፤ ስሙ የሚፈልገው ነገር ከኋላው ተቀምጦ አገኘዋለሁ። ሌላ ምንም የማገኘው ነገር የለም።

ሠፈሩ በሙሉ ሰምቷል። ጎረቤታችን እትዬ እናናየሁ የእድሩን ሰዎች አስጠንቅቃ፣ እነሱም ድንኳኑን አዘጋጅተዋል፤ እማዬ ስታልፍ ግን ሁሉም ስለ ዝናቡ ያወራሉ። ሸማኔው ጋሽ ወልደተንሣኤ ደግሞ ፈትሉን ይዛለት በሄደች ቁጥር አንዴ የሽመና ዕቃዬ ተሰበረ፣ አንዴ ወገቤን ያዘኝ እያለ ይመልሳታል። የሞተ ልጅ ባና እንዴት አድርጌ ልሥራ ብሎ እኔው ፊት አለቀሰ። እኔ አጽናናሁት። ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፤ ታላቅየው ይምጣ፣ እሱ እጇን ይዞ ይንገራት። እኔ የፈራሁት ከጦሩ የሚላከውን የሞት ማስታወቂያ ወረቀት ነው። ወረቀቱ በቀበሌ በኩል ከመጣ አንዱ ደጅ ላይ ቆሞ ያነብላት ይሆናል እያልኩ፣ በሩ በተንኳኳ ቁጥር ቀድሜያት እነሳለሁ።

እስካለፈው እሑድ ድረስ ነገሩ እንዲህ ነበር። እሑድ እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ አጠገቤ ቁጭ አለችና ለወንድምሽ ጻፊለት አለችኝ። ምን ብዬ አልኳት። እናትህ በጠና ታማለች፣ ቶሎ ድረስ በይው አለች። እማዬ ምንም አላመማትም፤ ቅዳሜ ገበያ ወጥታ ጠጉሩን በጀርባዋ ተሸክማ መጥታለች። ቀና ብዬ አየኋት፤ እሷ የምታየው እንዝርቷን ነበር። ብቻውንም እንዳይመጣ፣ ሰው ይዞ ይምጣ አለች። ሰው ለመርዶ ሲጠራ ምን ተብሎ እንደሚጠራ አንተም ታውቃለህ።

በማግስቱ ጋሽ ወልደተንሣኤ ልጅ ልኮ አስጠራኝ። ባናው ዕቃው ላይ ወጥቷል። እማዬ ማለዳ መጥታ፣ ከእንግዲህ አታቆየው፣ በታላቅየው ቁመት ሥራው ብላዋለች። ለሸዋወርቅ ግን እንዳትነግራት፣ ልጄ ተማሪዎቿን ለፈተና እያዘጋጀች ነው፣ ወንድሟ እስኪመጣላት ምንም ሳትሰማ ትቆይልኝ ብላ አስምላዋለች። ከማን እንደሰማች አልጠየቃትም። ምናልባት ከማንም አልሰማችም፤ የእሱ ዕቃ ደጋግሞ መሰበሩ ነግሯት ይሆናል። መሐላውን አፍርሶ የነገረኝ፣ ሁለታችሁንም ችዬ መሸከም አቃተኝ ብሎ ነው።

እና አሁን ሁለታችን በአንድ ጣሪያ ሥር አንድ ሞት እንደባበቃለን። እራት ስናቀርብ እሷ እኔን ታጎርሰኛለች፣ ብዪ ከስተሻል ትለኛለች፤ እኔም አጎርሳታለሁ። ለምን አልነገርሻትም ትለኝ ይሆናል። እሷ ለእኔ ብላ የያዘችውን ነገር ከእጇ መንጠቅ አልቻልኩም። እውነቱን ልንገርህ፣ ፈርቻለሁም። ዛሬ ምንም አይሰማኝም፤ እሷ አንዴ ልጄን ካለች ግን ምን እንደምሆን አላውቅም፤ ያን ጊዜ እሷንም የሚይዛት እኔንም የሚይዘኝ ሰው ያስፈልገናል።

ስለዚህ ና። መሥሪያ ቤትህ የይለፍ ወረቀት አልሰጥም ካለህ እናቴ በጠና ታማለች በላቸው፤ እሷው ራሷ እንዲህ በል ብላለች። በዘይኑልአቢዲን መኪና ከመጣህ ከመንገድ ላይ መልእክት ላክልን፤ የእድሩ ሰዎች ቀድመው እንዲያውቁ። ለእሷም ለእኔም እኩል ንገረን። እሷ ማወቋን የሰማህ አትምሰል፣ እኔም ማወቄን የሰማህ አትምሰል።

እማዬ በጠና ታምሜያለሁ ብላ በናፍቆት ሰላም ትልሃለች። እትዬ እናናየሁ እግዚአብሔር ያጽናህ፣ በሰላም ያግባህ ትላለች። ጋሽ ወልደተንሣኤ ሰላም ይልሃል፤ ባናህ ጥሩ እየሆነ ነው፣ ቁመትህንም ከእማዬ አፍ ነው የለካው። ፈረጅ መርዶው በሚነገርበት ቀን ከእነ ክራንቹ መጥቶ አብሮህ ሊቆም ቃል ገብቷል። የዘርአ ዳዊትን ሰላምታ ዱሮ የምጽፈው እዚህ ላይ ነበር።

ጋሼ፣ በሩን ስታንኳኳ ቀድሜ የምከፍተው እኔ ነኝ፤ እሷ ከኋላዬ ትሆናለች። እስከዚያ ድረስ እሷም እኔም ምንም አልሰማንም።

እህትህ ሸዋወርቅ
ደብረ ብርሃን፣ ሚያዝያ 19 ቀን 1980 ዓ.ም.