ውኃ በመቆጠባችን ስለተጠረጠርንበት ጉዳይ

ለተከበሩ የውኃ መሥሪያ ቤት ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነትና በማይቋረጥ የቧንቧ ውኃ መካከል እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔና ባለቤቴም፣ ከእሷ ወገብ በስተቀር፣ ደህና ነን።

አርባ ዓመት ልብስ የሰፋሁ ሰው ነኝ። ቤት ለመሥራት ስንነሣ ንድፉን ያወጣነው ኮት በምቆርጥበት ወረቀት ላይ፣ በልብስ ጠመኔ ነበር። ባለቤቴ ግማሽ ዕድሜዋን ጄሪካን ተሸክማ ደረጃ ስለወጣች፣ «ከእንግዲህ ውኃው ራሱ ይምጣልኝ እንጂ እኔ አልሄድለትም» አለች። ስለዚህ ጣሪያው ወደ አንድ ወገን እንዲያዘነብል፣ ዝናቡም በአሸንዳ ወርዶ ከግቢው ሥር በተቀበረ ማጠራቀሚያ እንዲገባ አደረግን። የልብስ እጣቢው ሽንት ቤቱን ያጥባል። መስኮቶቹ ወደ ፀሐይ ስለዞሩ ቀን ቀን መርፌ ላይ ክር የማስገባው ያለ መብራት ነው። ግንበኛው የባለቤቴ ወንድም እስኪጨርስ ድረስ ሲስቅብን ቆይቶ፣ ሲጨርስ የራሱን ቤት አሸንዳ ቀየረ።

በዚህ የተነሣ ቆጣሪያችን እምብዛም አይንቀሳቀስም ነበር። መሥሪያ ቤትዎ ይህን ነውር በንቃት ስለተከታተለ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ቆጣሪያችንን ሁለት ጊዜ ስለቀየሩልን። አዲሶቹም እንደ አሮጌው ሰነፍ ሆነው መገኘታቸው የእኛ ጥፋት መሆኑን አምነን ተቀብለናል።

፪ኛ. ሦስት ተቆጣጣሪዎች ልከው ስላከበሩን። አለቃቸው ባለቤቴን፣ «እማማ፣ እውነቱን ይንገሩን፤ ውኃውን ከየት ነው የሚጠልፉት?» አላት። እሷም ጣቷን ወደ ሰማይ ቀስራ፣ «ከላይ ነው ልጄ» አለችው። ሰውየው በቅጹ ላይ «የበላይ አካል እጅ ሳይኖርበት አይቀርም» ብሎ ጻፈ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፋይላችን በምስጢር ተይዟል።

፫ኛውን ባለቤቴ አንብባ «ይኼማ ስድብ ነው» ስላለች አውጥቼዋለሁ።

፬ኛ. ሕገወጥ መስመር ፍለጋ ግቢያችንን ስለቆፈሩልን። መስመሩ አልተገኘም፤ ማጠራቀሚያው ግን በዶማ ተገኝቷል። ክረምቱን ሙሉ የሰበሰብነው ውኃ በአንድ ረፋድ መሬት ገባ። ባለቤቴ ለሁሉም ነገር መልስ የማታጣ ሴት ናት፤ የዚያን ዕለት ግን ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተቀምጣ ጭቃውን ስታይ ዋለች። «ሻይ ላፍላልሽ?» ብላት እንኳ፣ በየትኛው ውኃ ብላ አልቀለደችብኝም። ክቡር ሆይ፣ በሠላሳ ስድስት ዓመት ትዳራችን የዚያን ቀኑን ያህል ፈርቼ አላውቅም።

፭ኛ. «ለጥንቃቄ ሲባል» መስመራችንን ለአሥራ ዘጠኝ ቀን ስለዘጉ። ከጎረቤት ስንቀዳ ጄሪካኑን እኔ ልያዝ ብላትም «አንተ ትደፋዋለህ» ብላ ከለከለችኝ። በሦስተኛው ቀን ወገቧ አስተኛት።

መስመሩ ሲከፈት፣ ማጠራቀሚያው ስለተሰነጠቀ ልብሱንም ወለሉንም እንደ ሰው ሁሉ በቧንቧ ውኃ ማጠብ ጀመርን። ባለፈው ሳምንትም ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤዎ ደረሰን፦ «ፍጆታዎ ወደ ጤናማ ደረጃ ስለተመለሰ ጉዳዩ ተዘግቷል። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን።» ከግርጌው «ውኃን በቁጠባ ይጠቀሙ» ይላል።

አሁን የባለቤቴ ወንድም ስንጥቁን እየደፈነ ነው፤ እሷም ብድግ ብላ «በደንብ ድፈን» እያለች ታዘው ጀምራለች። ዝናብ ሲገባ ፍጆታችን እንደገና ጤና ማጣቱ አይቀርም። ስለሆነም የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰዎችዎ ዶማ ከማንሣታቸው በፊት በር ያንኳኩ። ክዳኑን እኔው ከፍቼ አሳያቸዋለሁ።

ከጥልቅ አክብሮትና ከጥልቅ ጉድጓድ ጋር፣
ለጊዜው ጤናማ የሆነው ደንበኛዎ፣
ልብስ ሰፊው

ማስታወሻ፦ ይህንኑ ለማመልከት ቢሮዎ ደጃፍ አራት ቀን ተራ ስጠብቅ፣ ግቢዎ ውስጥ ያለው ቧንቧ ያለማቋረጥ ሲንጠባጠብ አይቼ አላስችል ስላለኝ ላስቲኩን ቀይሬዋለሁ። በዚህ ወር የመሥሪያ ቤቱ ፍጆታ በድንገት ቢቀንስ ጥፋተኛው እኔ ነኝና፣ እባክዎ ግቢዎን አያስቆፍሩ።