ብቸና የገባሁበት ቀን

ብቸና
ማክሰኞ ሚያዝያ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለቢያዝን፣

እንዴት ሰንብተሃል? እኔ ደኅና ነኝ፤ ወገቤም ተሽሎታል። ሰላምታውን በዚሁ ላሳጥረው፤ አንተም ለፋሲካ በላክልኝ ወረቀት ላይ አንዲት «እንደምን አለሽ» አልጻፍክም።

ኮምፒውተሩ ተሠርቷል። ሥዕሉ በቴሌቪዥኑ ላይ ጥርት ብሎ ይታያል፣ ድምፁም ደኅና ነው። የሠራሁት እኔ ነኝ። ይህንኑ ልነግርህ ሁለት ጊዜ ደውዬ፣ ሳታነሳ ቶሎ ብዬ ዘጋሁት። በስልክ ከሆነ «ድራይቨሩ ገባ?» ትለኛለህ፣ «ገባ» እልሃለሁ፣ ከዚያ በኋላ የምንባባለው አይኖርም። ደብዳቤ መጻፍ የያዝኩት ለዚህ ነው።

እውነቱን ልንገርህ፣ ማሽኑ በየካቲት ሲበላሽ ደስ ብሎኝ ነበር። ተጣልተን ሞጣ ከሄድክበት ከጥቅምት ጀምሮ ድምፅህን አልሰማሁም ነበር። አንተም ኮርተህ፣ እኔም ኮርቼ። ያን ቀን ኔት ለጥቂት ሰዓት ተለቀቀና ሊኑክሱ፣ ያው ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም፣ ራሱን ማደስ ጀመረ፤ ግማሽ ላይ ሳለ ኔቱ ጠፋ፣ መብራቱም ተከተለ። መብራት ሲመጣ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ። ሌላ ሰው ቢሆን ይናደዳል። እኔ ግን ስልኬን አንስቼ «ቢያዝን፣ ሳጥንህ ሞተብኝ» አልኩህ። ስትስቅ ሰማሁህ። ከአራት ወር በኋላ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ ትደውል ጀመር። ማሽኑ ሲነሳ የሚመጣውን ዝርዝር አውጥተሽ አሮጌውን ሊኑክስ ምረጪ አልከኝ። መረጥኩ፤ ሥዕሉ መጣ፣ ግን ደብዝዞ፣ እየተንቀጠቀጠ። የግራፊክስ ድራይቨሩ፣ ያው ለቴሌቪዥኑ ሥዕል የሚያቀብለው ነገር፣ በግማሽ ገብቶ ቀርቷል፣ እዚያ ኔት ስለሌለ በስልክ አይሆንም፣ ለፋሲካ መጥቼ እሠራዋለሁ አልክ። እኔም ሳሎኑን ቀለም አስቀባሁ። ይህን አልነገርኩህም።

ቅዳሜ ሹር ዕለት በር ሲንኳኳ ሮጬ ወጣሁ። ጎረቤታችን እትዬ ፈንታነሽ ናቸው፤ ሞጣ ልጃቸው ዘንድ ከርመው መመለሳቸው ነው። ፍላሽና የተጣጠፈ ወረቀት ሰጡኝ።

«ያውልሽ፣ ቢያዝን የላከው ነው።»

«እሱስ?»

«እሱማ መናኸሪያ ድረስ ሸኝቶኝ ነው የተመለሰ። ከስቷል እቴ፣ ምን በልቶ እንደሚውል እንጃ።»

መንገዱ አላስመጣኝም ብትል አምንህ ነበር። እሳቸው የመጡበት መኪና ላይ ግን ላንተም ወንበር አይጠፋም። አለቀስኩ። በዓሉንም እንዲሁ አሳለፍኩት።

ወረቀትህን አራት ቀን አልገለጥኩትም። ስገልጠው አሥራ አንድ መስመር ኮማንድ ብቻ ነው። አባቴ መርጡለ ማርያም ብራና ሲጽፉ የቅዱሳንን ስም በቀይ ቀለም ይለዩ ነበር፤ እኔም ኮማንዶቹን በደብተሬ ስገለብጥ ማሽኑን የሚያዙትን ቃላት በቀይ እስክሪብቶ ጻፍኳቸው። ሳቅ እንግዲህ።

ከላይ «ፓስዎርድ ሲጠይቅሽ፣ ብቸና የገባሽበት ቀን» ብለሃል። እንዲሁ ስከፍተው አይጠይቀኝም፤ ለጥገና ነው የሚፈልገው። ቁጥሩን አልጻፍከውም፤ ታውቀዋለች ብለህ ነዋ! አላወቅሁትም፣ ቢያዝን። ዓመቱ እንኳ ተምታታብኝ። ደውዬ እንዳልጠይቅህ አፈርኩ። ሻንጣ ገልብጬ ሥራ የጀመርኩበትን ደብዳቤ አገኘሁና በዚያ ላይ ያለውን ቀን ጻፍኩ፤ አልቀበልም አለኝ። ቁጭ ብዬ ሳስብ ነው ሥራ የጀመርኩት ሰኞ፣ ብቸና የገባሁት ግን እሑድ መሆኑ ትዝ ያለኝ። ከመኪና ስወርድ አንድ የማላውቀው ጎረምሳ ፍራሼን ተሸክሞ ቤት እስካገኝ አብሮኝ ሲዞር ዋለ፤ ስምህን እንኳ ገና አልጠየቅሁህም ነበር። አንድ ቀን ቀንሼ ጻፍኩ። ከፈተልኝ።

ማሽኑን ባስተካከልክ ቁጥር ያን ቀን ስትጽፈው ኖረሃል። እኔ ደግሞ በጥቅምት «አንተ ያገባኸው ይህን ሳጥን ነው» አልኩህ። «ሳትጠይቀኝ ዝውውር ፈረምክ» ስልህ «ጠይቄሽ ነበር፤ የፈተና ወረቀት እያረምሽ አልሰማሽኝም» ብለኸኝ ነበር። ያኔ ውሸት መስሎኝ ነበር። አሁን ጠይቀኸኝ እንደነበር አምናለሁ።

ሥራው ራሱ ቀላል አልነበረም። አራተኛው መስመር በግማሽ የገባውን ድራይቨር ጠራርጎ የሚያጠፋው ነው። እጄ እምቢ አለኝ፤ የሠርጋችንን ቪዲዮ ጭምር ይዞት የሚሄድ መሰለኝ። እሱን ዘልዬ አዲሱን ከፍላሹ ላስገባ ብል ማሽኑ አሻፈረኝ አለ። ሦስት ቀን ከትምህርት ቤት እየመጣሁ ታገልኩት። ትናንት ከሰዓት አማትቤ መስመሩን ጻፍኩና ኢንተር ነካሁ። የተበላሸው ጠፋ፣ ቪዲዮው ምንም አልሆነም፣ አዲሱም ገባ። አጥፍቼ ሳስነሳው ስክሪኑ ቦግ አለ። ብቻዬን እልል አልኩ።

ከዚያ በጥቅምት ስንጣላ በግማሽ ያቆምነው ፊልም ብቅ አለና፣ ካቆሙበት ይቀጥል ወይስ ከመጀመሪያው ብሎ ጠየቀኝ። ለሁለታችን ብቻዬን መመለስ አልቻልኩም። አጠፋሁት። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ጭር ብሎብኛል፤ እሑድ ለምን ብለህ ትደውላለህ እንግዲህ?

ስለዚህ ለማሽኑ ብለህ አትምጣ። የምመጣው እኔ ነኝ። የፊታችን ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 25፣ በጠዋቱ መኪና ተሳፍሬ ሞጣ መናኸሪያ እወርዳለሁ። የዝውውር ማመልከቻዬን ጽፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼዋለሁ፤ ገና አልፈረምኩበትም። እትዬ ፈንታነሽ ነገ ደግሞ ልጃቸው ዘንድ ስለሚሄዱ ይህን ደብዳቤ በእጅህ ያስረክቡሃል፤ አልደረሰኝም እንዳትል። ከስተሃል ስላሉኝ ትንሽ በሶና ቆሎ ልኬልሃለሁ።

የአባቴ አምላክ እስከዚያው ደኅና ያቆይህ፤ እጅህንም መድኃኔ ዓለም ከክፉ ይጠብቅልኝ።

ይርጋነሽ

ይህን ልረሳው ነበር፦ የማሽኑን ፓስዎርድ ቀይሬዋለሁ። አዲሱ ሞጣ የምገባበት ቀን ነው። መናኸሪያ ካጣሁህ፣ ማሽኑን ባስተካከልኩ ቁጥር ያን ቀን ብቻዬን ስጽፈው ልኖር ነው።