የመስፍን ቀኝ ክንድ

ረቡዕ፣ የካቲት 4፤ ጠዋት 1፡30

ኩልፎ፣ ሙዝ መጫኛው። ሁለተኛው አይሱዙ ሞልቶ ወጣ፤ ሦስተኛው ገና አልመጣም። የሙዝ ክምር ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍብህ፤ ገጽህ ቢቆሽሽ እኔን አትውቀስ። በሙዙ ሚዛን ተመዘንኩ፦ 71 ተኩል። ምድቤ 73 ኪሎ ስለሆነ መራብ አይጠበቅብኝም። ግን ከትናንት ጀምሮ እህል አልወርድ ብሎኛል። እማዬ የላከችው የበቆሎ ኩርኩፋ እንደታሰረ አለ።

ትናንት ጁዶ ልምምድ ላይ የመስፍን ክርን ተሰበረ። ቀኙ። መሬት ላይ ክንዱን ዘርግቼ ቆልፌው ነበር፤ በቃኝ ሳይል ዘገየ፤ እኔም አላወቅኩም። ቀጭ አለ። ከዚያ ሆስፒታል።

ለአህጉሩ ጨዋታ የተመረጠው እሱ ነበር። እኔ ተጠባባቂ። አሰልጣኛችን ጋሽ ብ. ማታ ደውሎ ፓስፖርትህን አዘጋጅ አለኝ።

መኪናው መጣ።

ሐሙስ፣ የካቲት 5፤ ከሰዓት 10

የትናንቱ ገጽ ውሸት ነው። ልቀደው ነበር። ተወው፤ ይቆይ።

እውነቱ ይኸውልህ። መስፍን መታኝ። አንተ ጁዶ ስለማታውቅ ላስረዳህ፦ ክንድህ ተቆልፎ መቻል ሲያቅትህ በነጻ እጅህ ሰውየውን ሁለቴ መታ መታ ታደርገዋለህ። በቃኝ ማለት ነው። ያኔ ይለቅሃል። ከዚህ የሚበልጥ ሕግ የለንም፤ ጋሽ ብ. መጀመሪያ ቀን የሚያስተምረውም ይህንኑ ነው።

መስፍን ጭኔን ሁለቴ መታ። ተሰማኝ። አንድ ትንፋሽ ያህል ቆየሁ።

ለምን? ከትናንት ወዲያ ጀምሮ የምጠይቀው ይህንን ነው። ልሰብረው አልፈለግኩም፤ እምልልሃለሁ። አራት ዓመት ሙሉ ሲጥለኝ፣ ጥሎም እጁን ሰጥቶ ሲያነሳኝ ኖሯል። አንዲት ጊዜ እንዲፈራኝ ፈለግኩ። አንዲት ትንፋሽ። በቃ ይኸው ነው፤ ይህን የምታህል ነገር።

ዛሬ ሄጄ ጠየቅኩት። ክንዱ እስከ ትከሻው በጀሶ ታስሯል። ሕመሙ ሁሉን ነገር አደባልቆበታል። ዐይን ዐይኔን እያየ መትቼህ ነበር እንዴ አለኝ። አልመታኸኝም አልኩት። በቀላሉ ነው የወጣልኝ፤ እንዲህ እንደሚቀለኝ አላውቅም ነበር። እሱ ሳቀ፤ ይሄ ግትርነቴ አለ። እናቱ ከምዕራብ ዓባያ መጥተዋል፤ እሳቸውም በግትርነቱ ይቆጡታል። እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ የሰጡኝን ሻይ ጠጣሁ።

ሐኪሙ ክርኑ እንደ ድሮው ላይዘረጋ ይችላል ብሏል። የባጃጅ ነዳጅ የሚሰጠው በቀኝ እጅ ነው። መስፍን ባጃጅ ነጂ ነው።

እሁድ፣ የካቲት 15፤ ማታ 1 ሰዓት

ከቸርች ቀርቼ ከአጎቴና ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ምዕራብ ዓባያ ወረድን። ሳይፈልግም ቢሆን አካል ያጎደለ ሰው በሽማግሌ ይታረቃል፤ የኛ ደንብ ነው። እርጥብ ሣር ይዘን የመስፍን ወላጆች ደጃፍ ተንበረከክን። ሣር ይዞ የተንበረከከን ሰው ጋሞ አይመልስም።

ከመታረቃችን በፊት ትልቁ ሽማግሌ ጠየቀኝ። የቀረ፣ የተደበቀ ነገር አለ? የተደበቀ ጥፋት ጎሜ ነው፤ ደባቂውንም ዘሩንም ይከተላል፤ እስኪናገር ድረስ እርቁ እርቅ አይደለም አለ። እማዬ ይሄን የድሮ ሰው እምነት ነው ትላለች። እኔም የቸርች ልጅ ነኝ፤ አላምንበትም። ታዲያ ጀርባዬ ላይ ያን ሁሉ ላብ ምን አመጣው?

የለም አልኩ።

የመስፍን አባት ብብቴን ይዘው አነሱኝ። ግንባሬን ሳሙኝ። በጋሞኛ፣ የልጄንም ድርሻ ታግለህ ና አሉኝ። አለቀስኩ። ሁሉም ሐዘኔ መሰላቸው፤ አጎቴ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ይምሰላቸው ብዬ ተውኩት። ወራዳ ነኝ፤ አንተ ብቻ ነህ የምታውቀው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 24፤ ቀን 8 ሰዓት

አ.አ፣ አውሮፕላን ማረፊያ። በረራው ዘግይቷል። ጋሽ ብ. ወንበር ላይ እያንኮራፋ ነው።

መስፍን ዛሬ ብቻ አምስት የድምፅ መልእክት ላከ። በምድቤ ያሉትን ሰዎች ቪዲዮ ሁሉ ፈልጎ አይቷል። ረጅሙን ግራኝ ተጠንቀቅ፤ ቆመህ አትችለውም፤ መሬት አውርደውና ክንዱን ያዝ፤ አንተ ክንድ ላይ ጎበዝ ነህ አለኝ። ያለ ምንም ቅያሜ ነው የሚለው። ሦስቴ ሰማሁት።

ቅዳሜ፣ የካቲት 28፤ ከሰዓት 11

አለቀ።

አንደኛውን ዙር አሸነፍኩ። በጭን ጣልኩት፤ አንድ ደቂቃ እንኳ አልሞላም። ሁለተኛው ረጅሙ ግራኝ። መስፍን እንዳለው ቆሜ አልቻልኩትም። እንደምንም መሬት አወረድኩት፣ ክንዱን አገኘሁ፣ ዘረጋሁት፣ ቆለፍኩ። ጋሽ ብ. ከዳር ይጮሃል። ዳኛው በወዲያኛው በኩል ነበር።

ሰውየው ጭኔን ሁለቴ መታ።

ለቀቅኩት።

ደግነት እንዳይመስልህ። አላሰብኩም፤ እጄ ራሱ ለቀቀ፤ የጋለ ብረት እንደነካ። ዳኛው መምታቱን አላየም። እስኪያይና ጨዋታውን እስኪያቆም ድረስ መያዝ ነበረብኝ፤ የውድድር ሕጉ እሱ ነው። ሰውየው አንዴ ፊቴን አየኝ። ምንም እንዳልሆነ ተነሳ። እኔ ደንዝዤ ቆሜ ነበር፤ በግራው ገብቶ በጀርባዬ አነጠፈኝ። ኢፖን፤ ጨዋታ የሚዘጋው ሙሉ ነጥብ። በቃ፣ ከውድድሩ ውጪ። ጋሽ ብ. ቪዲዮው ይታይ ብሎ ተከራከረ፤ አዩት፤ እጁ በእግሬ ስለተሸፈነ አይታይም አሉ።

ምን ነካህ ይለኛል ጋሽ ብ.። አላበኝና አዳለጠኝ አልኩት። ሌላ ውሸት። ጋሽ ብ. ተቀምጦ አለቀሰ። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው በኔ ምክንያት ሲያለቅስ አየሁ።

እሁድ፣ የካቲት 29፤ ጠዋት 3 ሰዓት

መስፍን ደወለ። ከባጃጅ ነጂዎቹ ጋር ሆኖ በስልክ አይቶታል። ይቆጣኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ቢቆጣኝ በወደድኩ።

ቃል በቃል ልጻፍልህ፤ እንዳልረሳው። «ሰውዬው እንደመታህ ከፊትህ ነው ያወቅኩት። ዳኛ ሳያይ ለቀቅከው አይደል? አየህ፣ አንተ ለማታውቀው ሰው እንዲህ ከሆንክ፣ እኔ መትቼህ ቢሆን ትለቀኝ ነበር። ሰሞኑን እኮ መታሁ፣ አልመታሁ እያልኩ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። አሁን አረፍኩ። አልመታሁህም።»

ስልኩን ከጆሮዬ አራቅኩት። እሱ ኔትወርኩ መስሎት ሃሎ፣ ሃሎ ብሎ ዘጋው።

አንድ የረባ ነገር ባደረግኩበት ቀን፣ መስፍን ያንኑ ነገር ለውሸቴ ማስረጃ አደረገልኝ። እንዲህ ያለ ነገር ሰምተህ ታውቃለህ?

ረቡዕ፣ መጋቢት 2፤ ጠዋት 4 ሰዓት

ሲቀላ ሰፈር፣ የመስፍን ክፍል። አልጋው ላይ ተቀምጬ ነው።

መናኸሪያው ጋ ባጃጅ ነጂዎቹ ተሰብስበው ጠበቁኝ። በትከሻቸው ተሸከሙኝ፤ ጥሩምባ፣ ፉጨት። የተሸነፈ ሰው ይሸከማሉ እንዴ? መስፍን ለሁሉም ነግሯቸዋል፤ ሰው ሳይሰብር የተሸነፈ ብሎ። ያን ቃል ስሰማ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ።

ጀሶው አልወጣለትም። ሸሚዙን በግራ እጁ ቆልፎ አንድ ቁልፍ ስቷል። አስተካከልኩለት። ባጃጁን ባለቤቱ ለሌላ ሰጥቶበታል። አይዞህ፣ ጋሽ ብ. ጀማሪዎቹን አብረኸኝ አሰልጥን ብሎሃል አይደል አልኩት። እምቢ አልኩት አለኝ። ጁዶም በቃኝ አለ። ለምን ስለው፣ በቃኝ ማለት የማያውቅ ሰው ለሌላ ሰው ምን ያስተምራል አለ። እየሳቀ አይደለም የተናገረው። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነው።

ለካ የሰበርኩት ክንዱን ብቻ አይደለም።

ዳቦ ሊገዛ ወጥቷል፤ እንግዳ ነህ፣ አትነሳ ብሎኝ። ሲመለስ እነግረዋለሁ። ቆርጫለሁ። ለሽማግሌዎቹም፣ ለአባቱም፣ ለጋሽ ብ.ም በየተራ እነግራለሁ፤ መጀመሪያ ግን ለሱ። ከዚያ በኋላ ፊቴን ማየት ባይፈልግ እውነት አለው። ማስተባበያ አልጨምርም፤ አንድ ትንፋሽ ብቻ ነው ብዬ አላሳንሰውም። የምለው ይህን ነው፦ መስፍን፣ ሁለቴ መታኸኝ። ሰምቼህ ነበር።

በሩ ተ